ወንዙን ሚያዝያ ላይ እዩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም አንድ ደብዳቤ ገጹን አብዛኛውን ወስዶብናል። የሌሎቻችሁን አሳጥረናል፤ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሱሉልታ ነው። ብየዳ ቤት አለኝ፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። የተወለድኩት ግን ከጫንጮ ወዲያ፣ ወደ ሙገር ሸለቆ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ባለች መንደር ነው። ከመኪና ከወረዱ በኋላ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ አለው። 60 አባወራ ይኖራል። መብራት የለም፤ ስልክ የሚሞላው በገበያ ቀን ነው። ከመንደሩ ሥር የሚወርድ ወንዝ አለን፣ ክረምት ሲሞላ በሬ ይወስዳል። መርካቶ አንድ ነጋዴ 10 ኪሎ ዋት የሚል የቻይና ተርባይን ከነጄነሬተሩ አሳየኝ። ከተማ ያለን የመንደሩ ልጆች እቁብ ጥለን ልንገዛው አስበናል። ወንዙ ትልቅ ነው፣ ይበቃል ብለናል። ምን ይሉናል? ግድብስ ያስፈልገን ይሆን? (በያጁ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እቁቡን ጣሉ። ተርባይኑን ግን ለጊዜው ተዉት።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ደውዬልህ ነበር፤ ታስታውስ እንደሆነ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩህ። «ሚያዝያ ላይ ወንዙ የት ይደርሳል?» አልኩህ። ትንሽ ዝም አልክና «አባቴን ልጠይቀው» ብለህ ዘጋህ። ማታ መልሰህ ስትደውል «ቁርጭምጭሚት ነው የሚደርሰው፣ ልጆች ዘለው ይሻገሩታል» አልከኝ። እንግዲህ መብራት የሚሰጣችሁ ያ ልጆች የሚዘሉት ወንዝ ነው። በሬ የሚወስደው የሐምሌ ወንዝ የናንተ አይደለም፤ አላፊ እንግዳ ነው፤ እንዳያፈርስባችሁ ብቻ ነው የምትጠነቀቁት።

ግድብ ላልከው፣ አያስፈልጋችሁም። እንዲህ ያለው ሥራ ውሃ አያጠራቅምም። ከወንዙ ላይ ጥቂቱን ትጠልፋላችሁ፣ በቦይ ታስኬዱታላችሁ፣ ከፍ ካለ ቦታ በቧንቧ ታወርዱታላችሁ፣ ተርባይኑን አዙሮ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከዘንድሮ ክረምት ለከርሞ በጋ የሚቀመጥ ነገር የለም፤ ወንዙ ዛሬ ያመጣውን ዛሬ ነው የምትጠቀሙት። ውሃ የሚያጠራቅመው እንደ ህዳሴ ያለው ግድብ ነው፤ እሱ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ነበር። የሚገርመው የናንተም ውሃ ወደዚያው ነው የሚሄደው። ከእንጦጦ ፊት ለፊት የሚወርደው ወደ አቃቂ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፣ ከጀርባው የሚወርደው የሱሉልታው ግን በሙገር አድርጎ አባይ ይገባል። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ የናንተን አምፖል አብርቶ ቀሪውን ለህዳሴ ቢያደርስ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን ወደ ሥራው። ሁለት ነገር ነው የምትለኩት፣ የውሃውን መጠንና የሚወርድበትን ከፍታ። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ሁለቱ ይወጣል።

ለመጠኑ መሣሪያ አትግዛ። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ድንጋይ ያልበዛበት አሥር ሜትር ያህል ቦታ ፈልግ። ስፋቱን በሜትር ለካ። ጥልቀቱን አምስት ስድስት ቦታ ላይ በእንጨት ለክተህ አማካዩን ያዝ። ከዚያ ግማሹን ውሃ የሞላኸው የሃይላንድ ጠርሙስ ላዩ ላይ ጣልና አሥሩን ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ በስልክህ ያዝ። አምስት ጊዜ ድገመው። ስፋት በጥልቀት በፍጥነት ታባዛለህ። ከሥር ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ ያገኘኸውን በ0.7 ታባዛዋለህ። ለምሳሌ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርሙሱ አሥሩን ሜትር በ25 ሰከንድ ቢጨርስ፣ 42 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው። ይህን ከየካቲት እስከ ሰኔ መግቢያ በየሳምንቱ አንድ ቀን የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ያለ አንድ ጎበዝ ልጅ ደብተር ስጡት፣ ይጻፈው። ስትጨርሱ ትንሹን ቁጥር ትወስዳላችሁ። አማካዩን አይደለም፣ ትንሹን! አማካዩን ወስዳችሁ ከሠራችሁት ፋሲካ በጨለማ ሊያልፍ ነው፣ እናቶችም ያኔ ነው የሚረግሟችሁ።

ከፍታውን በውሃ ልክ ለካው። ቤት ሲሠራ ግንበኞች የሚይዙት ያ ቀጭን ብርሃን አስተላላፊ ጎማ አለ አይደል፣ እሱን ውሃ ሙላውና ከላይ ጀምረህ ከጓደኛህ ጋር ደረጃ በደረጃ እየወረድክ እያንዳንዱን ልዩነት ደምር። አድካሚ ነው። ግን በስልክ የሚገኘውን የከፍታ ቁጥር አትመን፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሜትር ይስታል። ሙሉ ጎማ ዘርግተህ ከታች ጫፉ ላይ የግፊት መለኪያ ብትገጥምም ይሆናል። አንድ ባር ማለት አሥር ሜትር ከፍታ ገደማ ነው።

እንበልና 40 ሊትር በሰከንድ አገኘህ። ሁሉንም አትወስድም። ከታች ከብት የሚያጠጣ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ወንዙም ራሱ መድረቅ የለበትም። 10 ሊትር ተውና 30 ያዝ። ከፍታው 22 ሜትር ነው እንበል። በትንንሽ ማሽን ላይ ግማሽ ያህሉ ጉልበት በየመንገዱ ስለሚጠፋ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ሊትሩን በሜትሩ አባዛና በ5 አባዛው፣ ዋት ይሰጥሃል። 30 በ22 በ5፣ 3,300 ዋት። ለ60 አባወራ ሲካፈል 55 ዋት ለአንድ ቤት።

አየህ፣ ነጋዴው 10 ኪሎ ዋት ያለህ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። በ22 ሜትር ከፍታ 10 ኪሎ ዋት ለማውጣት በሰከንድ 90 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 30 ስትሰጠው ከቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ትንሽ ገንዳ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፣ ቧንቧው አየር ይስባል፣ ከዚያ ያንቋርራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱም እንደ ሻማ ይርገበገባል። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሌላ ወንዝ ማሽን ስለሆነ ነው።

55 ዋት ስልህ ፊትህ ሲጨማደድ ታየኝ። አትናቀው። ሰባት ሰባት ዋት የሆኑ ሦስት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች 21 ዋት ናቸው፣ ስልክ መሙያ አሥር አይሞላም፣ ሬዲዮ ጥቂት ነው፣ ትንሽ ቴሌቪዥንም በተራ በተራ ቢከፈት ይገባል። ልጆች ማታ ያነባሉ፤ ኩራዝ ይቀራል። የማይገባው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፣ አንዲት እናት እንጀራ ልጋግር ብላ ምጣዷን ብትሰካ የመንደሩ መብራት ሁሉ እሷ ቤት ይገባል ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን በስብሰባ ተናገሩ። ደብቃችሁ ከጀመራችሁ የምጣዱ ቀን ጠብ ይነሳል።

ቧንቧ ላይ አትቆጥቡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 30 ሊትር ውሃ በ60 ሜትር ቧንቧ ብታወርድ፣ ቧንቧው 160 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ22 ሜትሩ አንድ ሜትር ያህል ብቻ በሰበቃ ይጠፋብሃል። 110 ብትገዛ ግን ስምንት ሜትር ገደማ ይበላብሃል። ከእቁቡ ገንዘብ ላይ ትንሽ ተርፎላችሁ ከመብራቱ ሲሶው ሄደ ማለት ነው፣ ያውም ለዘላለሙ።

ተርባይኑን በተመለከተ ደግሞ አንተ ዕድለኛ ነህ። ለእንዲህ ዓይነት ከፍታና ውሃ የሚስማማው ክሮስፍሎው የሚባለው ነው፣ በብየዳ ቤት የሚሠራ። ምላጮቹ ከብረት ቧንቧ በቁመቱ ተቆርጠው ነው የሚወጡት፣ በሁለት ክብ ላሜራ መሐል ዙሪያውን ይበየዳሉ፣ ዘንግና ሁለት ኩሽኔታ አለው። ምላጮቹን እኩል ማዕዘን ላይ ማስያዝ ነው ጥበቡ፣ አንዱ ቢጣመም ሚዛን ያጣና ኩሽኔታህን በየወሩ ትቀይራለህ። ዘንጉን ቶርኖ ቤት አስወጣው፣ በእጅ ግራይንደር አትሞክረው። ጄነሬተሩ የሚፈልገው ፍጥነት ከተርባይኑ ስለሚበልጥ በፑሊና በቺንጋ ታገናኘዋለህ። ከቧንቧው ጫፍ ላይ ጥሩ ሳራቺኔስካ፣ ማለትም የውሃ መዝጊያ፣ አትርሳ፣ ስትዘጋውም ቀስ ብለህ፤ በአንዴ ቢዘጋ ውሃው ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ፔልቶን የሚባለው ማንኪያ ማንኪያ ያለው ተርባይን ለናንተ አይደለም፣ እሱ ትንሽ ውሃ ከብዙ ከፍታ ሲወርድ ነው። የመርካቶው ነጋዴ ይቀየምህ ይሆናል፤ ጄነሬተሩን ከሱ ግዛው፣ ይታረቃል።

መጥለፊያው ትንሽና ዝቅ ያለ ይሁን። ክረምት ጎርፉ በላዩ አልፎ ይሂድ፤ ልታስቆሙት አትሞክሩ። ጋቢዮን የሚባለውን የሽቦ ሳጥን በድንጋይ ሞልታችሁ ብትሠሩት ቢፈርስም ትጠግኑታላችሁ። ከቦዩ ቀጥሎ ውሃው ቀስ ብሎ ደለሉን የሚጥልበት ሰፋ ያለ ገንዳ ያስፈልጋል። የሐምሌ ውሃ ቀይ ነው፣ አሸዋው ምላጩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከቧንቧው አፍ ላይ ደግሞ የብረት ወንፊት።

ስለ ወንፊቱ አንድ ነገር ላጫውትህ። የዛሬ ብዙ ዓመት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተን ነበር፣ የት እንደሆነ ይቆየን። ከቦዩ ዳር ባሕር ዛፍ አለ። ኅዳር ላይ ንፋስ ነፈሰ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራቱ ደከመ፣ ደከመ፣ ጠፋ። በባትሪ ብርሃን ወጣን፤ ወንፊቱ በቅጠል ተለስኗል፣ ውሃው በጎን እየፈሰሰ የአንድ ሰው የጎመን መደብ ያጥባል። እጄን ከትቼ ቅጠሉን ስጎትት ብርዱ እስከ ክርኔ ደነዘዘ። በማግስቱ ወንፊቱን ጠዋትና ማታ የሚጠርግ ሰው ቀጠርን። ከዚያ በፊት ስለ ተርባይን ሦስት ወር ተከራክረናል፣ ስለ ጠራጊ ግን አንድ ቀን አላወራንም።

ሌላም ጥፋት አለብን። መቆጣጠሪያ ሳጥኑን «በኋላ እንገዛለን» ብለን ተውነው። ውሃው አንድ ዓይነት ነው የሚመጣው፣ ሰው ግን መብራት ሲያጠፋ ጭነቱ ይቀንሳል፣ ተርባይኑ ይፈጥናል፣ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። አንድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ መብራቱን አጥፍቶ ሲተኛ ሳያጠፉ የቀሩት ቤቶች አምፖል ፈነዳ፣ ሦስት ሬዲዮ ጨሰ። የሬዲዮውን ዋጋ እኛ ከፈልን፣ ተገቢም ነበር። ያ ሳጥን የተረፈውን ጉልበት ወደ ማሞቂያ ይልከዋል፣ ጄነሬተሩም ጭነቱ እንዳልተለወጠ ሆኖ ይዞራል። ያለሱ አትጀምሩ።

ሽቦው ርቀት ይበላል። 800 ሜትር ርቀት ላይ 3,300 ዋት በ25 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ብትወስድ 27 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሩቅ ያለው ቤት የሚያገኘው ከ230 ቮልቱ 203 ገደማ ነው። አምፖሉ ይበራል፣ ግን ከዚያ በላይ አትራቁ።

ከሁሉ በፊት ወረዳችሁ የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሁሉም ይቀድማል ይላል። ከታች ያለው መንደር የሚጠጣውን ብትነኩበት ሕጉም ከሱ ጋር ነው። የታችኞቹን ሽማግሌዎች ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ጥሯቸው፣ ቡና አፍሉላቸው፣ ውሃው ተመልሶ ወንዙ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በእግር አሳዩአቸው።

ለክተህ ስትጨርስ ደብተሩን ላክልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው አቃቂ ነው፣ ቤታችን ከወንዙ ሃምሳ ሜትር አይርቅም። መብራት በየጊዜው ይጠፋብናል። ወንዙ ላይ ትንሽ ተርባይን ብንተክልስ? (ሦስት ጎረቤታሞች)

መልስ፦ ጎረቤቶቼ፣ አይሆንም። እናንተ ሰፈር ወንዙ ሜዳ ላይ ነው የሚሄደው፣ ከፍታ የለውም። ውሃ ቢበዛም የሚወርድበት ከሌለ ጉልበት የለውም። ከዚያ ደግሞ እስቲ ወጥታችሁ እዩት፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ጫማ፣ አንዳንዴ ፍራሽ። የትኛው ወንፊት ነው ይህን የሚችለው? ወንዙ ጉልበት የሚያገኘው ከናንተ በታች ወርዶ ገደሉ ጋ ሲደርስ ነው፤ ለዚህም ነው አባ ሳሙኤል እዚያ የተሠራው። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ 6.6 ሜጋ ዋት። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሮ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። እሁድ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና እዩት፣ ቅርባችሁ ነው። ለመብራት መጥፋቱ ግን ባትሪና ኢንቨርተር ያዋጣችኋል።

ጥያቄ፦ ለምን ውሃ ውሃ ትላለህ? ሶላር አይሻልም? የእኔ እናት ደብረ ጽጌ አካባቢ ገጠር ውስጥ ናት፣ ወንዝ አላቸው ግን ቀጭን ነው። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ሚያዝያ ላይ አንድ ባልዲ ለመሙላት ከደቂቃ በላይ የሚፈጅ ወንዝ ከሆነ ገና ከአሁኑ ሶላሩን ግዢላት። ለአንዲት እናት አንድ ትንሽ ፓኔል፣ ሦስት አምፖልና ስልክ መሙያ ዛሬውኑ ይተከላል፣ ስብሰባ አይጠይቅም።

የውሃው ጥቅም ቀንም ሌሊትም መሥራቱ ነው፣ ያለ ባትሪ። ባትሪ ያረጃል፣ ይቀየራል፣ ዋጋውም ያማል። ሌላው ደግሞ ክረምት ነው። ነሐሴ ላይ ደመናው ፀሐይዋን ሲሸፍናት ወንዙ ይሞላል፣ መጋቢት ላይ ወንዙ ሲከሳ ፀሐይ ይነዳል። ሁለቱን ያጣመረ መንደር አይከፋም፣ ጣጣው ግን እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ የመብራት መስመር ሊመጣ ነው ይባላል፣ ሁልጊዜ ይባላል። እንጠብቅ? (ከሆለታ አለፍ ብሎ)

መልስ፦ «ይባላል»ን ተዉትና የመብራት ኃይል ዲስትሪክቱ ሄዳችሁ ዕቅዱ ውስጥ ስማችሁ መኖሩን በወረቀት ጠይቁ። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ራሱ ከሕዝቡ 65 በመቶው በመስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጪ መብራት እንዲያገኝ ነበር ያሰበው። ሁሉም ጋ ፖል ይተከላል ያለ የለም። ፖሉ መንገድ ላይ ከተራገፈ ጠብቁ። ካልሆነ ሥሩ፤ ግን የመንደሩን ሽቦ ለዘለቄታው በሚሆን መልኩ፣ በደንቡ አስተክሉት፣ የመስመር ቀን ቢመጣ እንዳታወርዱት።

ጥያቄ፦ መብራቱን ሠርተናል፣ ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን የሚከፍል ጠፋ። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ነኝ። ምን ይሻለኛል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆጣሪ ለያንዳንዱ ቤት ከመግዛት ይልቅ ከተወሰነ ዋት በላይ ሲጎተት የሚቆርጥ ትንሽ መገደቢያ ግጠሙና በወር አንድ ዓይነት ክፍያ አድርጉት፤ ሒሳብ አያጣላችሁም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ለሦስት ክፈሉት፦ ለጠራጊው ደመወዝ፣ ለመለዋወጫ፣ ለመጠባበቂያ፤ ወረቀቱንም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፉት። ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ሲያይ ይከፍላል። እድራችሁ ካለ ክፍያውን ከእድሩ ጋር አንድ ቀን አድርጉት፣ የእድር ዕለት ማንም አይቀርም። ሁለት ወር ያልከፈለውን ደግሞ ቁረጡበት። አጎትህ ቢሆንም፤ በተለይ አጎትህ ከሆነ።